መስታወት ውስጥ ያለው ገብስ

ይህ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ላይ እንጅባራ ውስጥ ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ግን ዛሬም ቆሎ ስቆረጥም ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ።

ያኔ አንድ ማኅበር ከተማው ውስጥ የምግብ ቤተ መዘክር ከፍቶ በኮንትራት ቀጥሮኝ ነበር። ቤተ መዘክር ስላችሁ ትልቅ ሕንፃ እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት ክፍል ናት። አንዱ ግድግዳ ስለ ምግብና ጤና፣ ሌላው ስለ ምግብና ባህል፣ ሦስተኛው ስለ ምግብና አካባቢ ነው። አራተኛው ላይ በሩ አለ። የእኔ ሥራ ለጎብኚ ማስረዳት ነበር። አንዱን የገብስ ዓይነት ከሌላው ሳልለይ ስለ አፈር፣ ስለ ዘርና ስለ ጨጓራ ስተነትን ብትሰሙኝ ፕሮፌሰር ነው ትሉ ነበር።

የክፍሏ ጌጥ ሦስተኛው ግድግዳ ሥር የተቀመጠ አንድ የመስታወት ዕቃ ሙሉ ገብስ ነበር። ያመጣሁት አዘና ከሚኖሩ እማማ ጥሩነሽ ከሚባሉ ባልቴት ነው። ከአባታቸው የወረሱት፣ ሌላ ሰው ዘንድ የማይገኝ የድሮ ዘር አላቸው ሲባል ሰምቼ ሄድኩና ለመንኳቸው።

«እማማ፣ ሰኔ ሳይገባ አንዲት ፍሬ ሳትጎድል እመልስልዎታለሁ» ብዬ ማልኩ።

ከላይ እስከ ታች ሲያዩኝ ቆዩና «በል ከገበያ ማግስት ና» አሉኝ። በቀጠሮዬ ስሄድ አንድ ቅል ገብስ ሰጡኝ። እኔም መስታወት ውስጥ ጨምሬ፣ በትልልቅ ፊደል «ለዘር የተረፈ ብቸኛ የአባቶች ገብስ፤ አትንኩ» ብዬ ጻፍኩበት።

ክፍሏን የምታጸዳው እትዬ ዘውዴ ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን አልተዋጠላትም። «ይሄ እኮ እኔም ቤት ያለው ገብስ ነው፤ ምኑ ነው መስታወት የሚያስገባው?» አለችኝ። መጥረጊያዋን እንደያዘች ግማሽ ሰዓት አቁሜ ዘር እንዴት እንደሚጠፋ አስተማርኳት። እሷን ግን ከገብሱ ይልቅ የሚያንገበግባት ሌላ ነገር ነበር።

«ሰው ይሄን ሁሉ ምግብ አይቶ አፉን ሳያረጥብ ይወጣል? ነውር እኮ ነው!» ትላለች ጎብኚ በሄደ ቁጥር።

አንድ ቀን ከባሕር ዳር እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረኝ። ክፍሏ ትቀጥል ወይ ትዘጋ የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ የእኔም እንጀራ አብሮ ማለት ነው። እትዬ ዘውዴን «እንግዶቹ ደስ ብሏቸው እንዲሄዱ ቤቱን አሳምሪልኝ» አልኳትና ልቀበላቸው ወጣሁ። መኪናቸው ዘግይቶ ረፋዱን ሙሉ መንገድ ዳር በብርድ ስንቀጠቀጥ ቆየሁ።

ይዣቸው ስመለስ እትዬ ዘውዴ ነጠላዋን አደግድጋ በሩ ላይ ቆማለች። ጠላ ቀርቧል። ከባህል ግድግዳው ላይ ባወረደችው ሰፌድ ደግሞ ትኩስ ቆሎ ተሞልቷል። እንግዶቹ ፊታቸው በራ። እኔም ርቦኝ ስለነበር በእፍኜ እየዘገንኩ ቆረጠምኩ።

«እትዬ ዘውዴ፣ ይሄን የመሰለ ቆሎ ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

በአገጯ ወደ ሦስተኛው ግድግዳ አሳየችኝ።

የመስታወቱ ዕቃ ባዶውን ቆሟል። ታጥቦ ተወልውሏል። አፌ ውስጥ ያለውን እንዳልውጠው የእማማ ጥሩነሽ የአባት ዘር ነው፤ እንዳልተፋው እንግዳ ፊት ነኝ። ዋጥኩት።

«ምን ነካሽ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«እና እንግዳ ባዶ አፉን ይሂድ? ነገ ከቤቴ አምጥቼ እሞላልሃለሁ። ገብስ አይደል እንዴ?»

ጉብኝቱ ተጀመረ። የእንግዶቹ አለቃ መነጽራቸውን አስተካክለው ጽሑፌን አነበቡና «ገብሱስ የት አለ?» አሉኝ።

«የዘር ጊዜ ስለደረሰ ለባለቤቷ መልሰናል» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ሰውዬው እጄን ጨበጡኝ። ቤተ መዘክር ማለት እንዲህ ነው፣ ዘር የሚያምረው መሬት ውስጥ ነው እያሉ ለጓደኞቻቸው ሲያስረዱ፣ ያንኑ ዘር እየቆረጠሙ ነበር። ክፍሏም ትቀጥል ተባለ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ የዚያን ቀን እህል አልወርድልህ አለኝ። የአንድ ሰው የአባት ቅርስ ሆዴ ውስጥ ነው ያለው። በማግስቱ ወደ አዘና ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ሰበብ ሳማርጥ ሄድኩ፤ ነቀዝ በላው ልበል? አይጥ? ሌባ? እማማ ጥሩነሽን ደጃፋቸው ላይ ድንች ሲመርጡ አገኘኋቸው። ፊታቸውን ሳየው ሰበቡ ሁሉ ጠፋብኝ።

«እማማ፣ ዘርዎን ቆልተን በላነው» አልኩ። «እኔም በልቻለሁ።»

በእጃቸው የነበረውን ድንች አስቀመጡ። አቀርቅረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አስለቀስኳቸው ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ቀና አሉ። ለካስ እየሳቁ ነው።

«ኧረ ልጄ፣ የአባቴን ዘር ለማላውቀው ሰው የምሰጥ መስሎሃል? እሱ እኮ ከገበያ የሸመትኩት ነው!»

ከዓመታት በፊት አንድ ባለሙያ እንደኔው ምሎ ተገዝቶ የዘራቸውን እኩሌታ ወስዶ በዚያው ቀርቶባቸዋል። እኔም ያንኑ መሐላ ይዤ ስመጣ «ከገበያ ማግስት ና» ያሉኝ ለዚህ ነበር። እንግዲህ ያን ሁሉ ጊዜ ጣቴን ቀስሬ የአባቶችን ጥበብ ሳስረዳ የከረምኩት በገበያ ገብስ ነው። እትዬ ዘውዴ በአንድ እይታ የለየችውን እኔ ለሕዝብ አስተምሬዋለሁ። ልቆጣ ፈልጌ ሳቅ ቀደመኝ።

«ባዶ እጁንም ቢሆን ተመልሶ የመጣ አንተ ብቻ ነህ» አሉና ጓዳ ገቡ። አንድ እፍኝ ጠቆር፣ ደቀቅ ያለ ገብስ ይዘው ወጡ። ለመስታወቱ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ።

«ተው፣ ይሄ ለማየት አይደለም» ብለው እዚያው ሸክሽከው ቆሉልኝ። እንደዚያ ያለ ቆሎ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልቀመስኩም። ስነሣ ደግሞ ከገበያው ገብስ አንድ ቅል ሞልተው አስያዙኝ። «ለመስታወቱ ይሄ ይበቃዋል» አሉኝ።

ዛሬ የምኖረው ዳንግላ ነው። ወደ እንጅባራ ብቅ ባልኩ ቁጥር ወደዚያች ክፍል ጎራ እላለሁ። ገብሱ መስታወቱ ውስጥ ነው፤ ጽሑፌም እንዳለ ነው። ጎብኚዎች ተጠግተው ፎቶ ያነሡታል። እትዬ ዘውዴ መጥረጊያዋን ተደግፋ ታየኛለች።

ስለ ውሸቴ አፍራለሁ ወይ? ትንሽ አፍራለሁ። ግን ልቤ አርፏል። እውነተኛው ዘር አዘና፣ በባለቤቷ በእማማ ጥሩነሽ ማሳ ላይ ነው። ያኔ የጎደለው አንድ እፍኝ ብቻ ነው፤ እሱንም የበላሁት እኔ ነኝ።