በቅጥሩ የዞረው ገመድ

ከይርጋ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንደሱ የሰው ሥራ የሚያስጠላው አላየሁም። ከደብረ ታቦር እስከ አንበሳሜ የተቀበረ የመብራት ገመድ ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነው። ተቆፍሮ በፌስታል የተጠቀለለ የገመድ መቀጠያ በወጣ ቁጥር እትፍ ይላል። «ይሄ ሥራ ነው? ይሄ እኮ ትውከት ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ እኔንም ያንገሸግሸኛል።

ባለፈው ሰኔ የአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተራቸው ከተበላሸ ወር አልፎታል። ነርሷ ትዝታ በር ላይ ጠበቀችን።

«የሕፃናቱ ክትባት ከትናንት ጀምሮ በጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ነው። እስከ ቀትር ካልበራ ሁሉም ይጣላል» አለች።

ይርጋ መሣሪያውን ከገመዱ ጫፍ አገናኘ። መሣሪያው በገመዱ ውስጥ ምት ይልካል፤ ምቱ ብልሽቱ ጋ ሲደርስ ተመልሶ ይመጣል፤ በወሰደው ጊዜ ርቀቱ ይታወቃል። ሦስት መቶ አሥር ሜትር አለ። በያዝነው የመሥመሩ ካርታ ላይ ገመዱ ቀጥ ብሎ ተሰምሯል፤ በዚያው ለክተን ቆፈርን። አፈር ብቻ። ወዲያና ወዲህም ቆፈርን፤ ጭቃ ብቻ። ይርጋ ካርታውን የሣለውን ሰው እናቱን ሳይቀር ሰደበ።

ቀትር ሲቃረብ የደብሩ ቄስ መዝገቡ አጠገባችን ካለው ቤተ ክርስቲያን ወጥተው አዩን።

«እዚህ ምን ትፈልጋላችሁ? ያኔ መቃብሩ ላይ አይቆፈርም ብንላችሁ በቅጥሩ ዙሪያ አይደል እንዴ የቀበራችሁት?»

«ማን ነው የቀበረው አባ?» አልኳቸው።

በበትራቸው ወደ ይርጋ ጠቆሙ። «እሱ ነዋ። ዘነጋኸው እንዴ ልጄ?»

የካርታውን የታጠፈ ጥግ ገለጥኩት። ፊርማው የይርጋ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል።

«መዞሩን ብሥል ወረቀቱ እንደገና ለፈቃድ ይመለስ ነበር» አለኝ ይርጋ መሬት መሬት እያየ። ቀጥ አድርጎ አስምሮ ፈረመ፣ ከዚያ ረሳው። ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንሠራው፤ ሲያስጠላ።

በቅጥሩ ዙሪያ ለክተን ቆፈርን። መቀጠያው በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ውኃ ገብቶበት ወጣ። «የኔ እጅ ሥራ ነው» አለ ይርጋ። እትፍ አላለም።

መብራቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ለክትባት የመጡት እናቶች ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ሄደዋል። ትዝታ ብልቃጦቹን ካርቶን ውስጥ እየጣለች ነበር።

«አሁን ምን ያደርግልኛል?» አለች ቀና ሳትል።

ጠረጴዛው ላይ የተበላሸ ክትባት የሚመዘገብበት ቅጽ አለ። ምክንያት በሚለው ቦታ «መብራት በመጥፋቱ» ብላለች። ይርጋ እስክሪብቶዋን አነሳ፤ እሱን ሰረዘና ከነአባቱ ስሙን ጻፈበት።