የፎጣ ክፍሉን ወሬ ያወጣሁት እኔ ነኝ

እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም፤ እሳቸውማ ነገሩ ሲዳኝ ከጎኔ ተቀምጠው ስለነበር ከሰው ሁሉ አብልጬ የሸሸሁት እሳቸውን ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ጾምኩ፣ አስቀደስኩ፣ ተናዘዝኩ። ስናዘዝ ግን ይህቺን አንዷን እየዘለልኩ ሌላ ሌላውን ነበር የምዘረዝረው። እግዚአብሔርን የማታልል መስሎኝ ነበር እንዴ? እንጃ፣ ምን እንደመሰለኝ አላውቅም።

ታደሰ እባላለሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ መሀል ዲሲ አንድ የመኪና ፓርኪንግ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነኝ። ሽማግሌ ተብዬ የተጣላ የማስታርቅ፣ ሚስት የምጠይቅ ሰው ነኝ። ደግሞም የሆኪ እብድ ነኝ። ያበሻን ልጅ ከሆኪ ጋር ምን አገናኘው እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ሚስቴም ካገባችኝ ጀምሮ የምትለኝ ይህንኑ ነው። ጓደኞቼ የእንግሊዝ ኳስ ሲያዩ እኔ በረዶ ላይ ዱላ ይዘው የሚንሸራተቱትን አያለሁ ብለው መሳቂያ አድርገውኛል። አንድ ቀን መኪናውን እኛ ጋ የሚያቆም ደንበኛ መሄድ ባይመቸው ቲኬቱን ሰጠኝ፤ ገባሁ፤ በቃ፣ በዚያው ቀረሁ። ሁለት ግዙፍ ሰዎች ጓንታቸውን ጥለው ሲቧቀሱ፣ ከዚያ አንዱ የሌላውን ጀርባ መታ መታ አድርጎ ሲለያዩ አይቼ ወይ ጉድ አልኩ።

ሆኪ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ አንድ ነገር አለ፤ ትሬድ የሚሉት የተጫዋች ሽያጭ። ሰውየው ጠዋት ልምምድ ላይ ነው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ሚስቱ ገበያ ወጥታለች። ስልክ ይደወላል፤ ከሰዓት በኋላ የሌላ ከተማ ሰው ነው። ትሄዳለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ከመቀመጫው በላይ የተለጠፈችው ስሙ ትነቀላለች፣ በማግስቱ ሌላ ሰው እዚያው ቦታ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያስራል። እኛ ደግሞ ሶፋችን ላይ ተጋድመን ይሄን ሽጡት፣ ያንን አምጡት እንላለን። እኔ እንዲያውም ከሁሉም በላይ ነበር የምጮኸው።

ሳሙኤል እኔ በምደግፈው የዲሲ ቡድን መልበሻ ክፍል ውስጥ ነበር የሚሠራው። ማሊያ ያጥባል፣ ፎጣ ያቀርባል፣ የበረዶ ጫማውን ስለት ይስላል። እንደ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ዲቪ ደርሶት ሲመጣ መጀመሪያ ያረፈው እኔ ቤት ነው። ሂሩትን ሊያገባ ሲል ሽማግሌ ሆኜ ስፕሪንግፊልድ አጎቷ ቤት የሄድኩትም እኔ ነኝ። ተጋብተው አሌክሳንድሪያ ቤት ያዙ፤ እሁድ እሁድ እየሄድኩ አብሬያቸው እበላ ነበር።

ስለ መልበሻ ክፍሉ የሚነግረኝ ግን ትንሽ ነው። ምንጣፉ ላይ ያለውን የቡድኑን ዓርማ ማንም እንደማይረግጥ፣ ትልቁ ኮከብ እንኳ ዞሮ እንደሚያልፍ ነግሮኛል። እዚያ የተሰማ እዚያው እንደሚቀር ነግሮኛል። ከዚህ ያለፈ ወሬ ስንቴ ለመንኩት! «ኧረ አንዲት ነገር ጣል አድርግልኝ» እለዋለሁ። «ጋሼ፣ እንጀራዬ ነው፤ ተወኝ» ይለኛል።

የዛሬ ሰባት ዓመት በረኛችን ተጎድቶ ነበር። ፓክ የሚሉት ያ እንደ ድንጋይ የጠጠረ የጎማ ክብ አንገቱን መትቶት ለሳምንታት ተኝቶ ተመለሰ። ከተመለሰ ወዲህ መግባት የሌለበት ጎል ሁሉ ይገባበት ጀመር። አንድ እሁድ ሳሙኤል ቤት ማዕድ ላይ ቁጭ ብዬ ሰውየውን ስራገም፣ ሰነፍ ነው፣ ደመወዙን በነጻ ይበላል፣ ይሸጥልኝ ስል፣ ሳሙኤል ጉርሻውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ተው። ሰውየው ታሟል» አለኝ።

ከዚያ ነገረን። በረኛው ፓክ ፈርቷል። ከጨዋታ በፊት ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያለችው የፎጣ ክፍል ገብቶ ወለሉ ላይ ቁጭ ይላል፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የጫማውን ክር ማሰር አይችልም። ሳሙኤል አጠገቡ ይቀመጣል፣ ከማድረቂያው የወጣ ሙቅ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል ያደርግለታል፣ አንድም ቃል አይናገረውም። የቡድኑ ልጆች ያውቃሉ። በበሩ ያልፋሉ፣ አይተው እንዳላየ ይሆናሉ፣ ሰውየው ተነስቶ እስኪወጣ ይጠብቁታል። ሂሩት ይህን ስትሰማ እንባዋን ጠረገች። ሳሙኤልም ወደ እኔ ዞሮ፣ «በእናትህ ጋሼ፣ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» አለኝ። በእናቴ ብዬ ማልኩ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ አወጣሁት።

አንድ ቀን እንኳ አላደረም። ሥራ ቦታዬ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ የደጋፊዎቹን ገጽ አነባለሁ፤ በሐሰት ስም ነበር የምገባው። በረኛው ይሸጥ ብዬ ጻፍኩ። አንዱ፣ አንተ ጨዋታውን ትናንት ነው የተማርከው፣ እንግሊዝኛህንም አርም ብሎ መለሰልኝ። የሚስቀው በዛ። ደሜ ፈላ። እናንተ ምን ታውቃላችሁ፣ በረኛችሁ ፓክ ፈርቶ ከጨዋታ በፊት ፎጣ ክፍል ወለል ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ከውስጥ ሰው ነው የሰማሁት ብዬ ጻፍኩ። እኔ ጻፍኩት። ማንም አላስገደደኝም፣ አልሰከርኩም፣ አልተራብኩም። አንድ የማላውቀው ፈረንጅ ስለሳቀብኝ ብቻ ጻፍኩት። ከዚያ ምሳዬን በደንብ በላሁ። ሰዉ ላይክ ሲያደርገው፣ ሲጠያየቅ፣ ሲደነቅ እያየሁ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ እኮ ነው የምላችሁ!

ሲመሽ ወሬው ሁሉም ጋ ደርሶ ነበር። በማግስቱ አሰልጣኙን በቴሌቪዥን ስለ ፎጣ ክፍሉ ሲጠይቁት አየሁ። ክው አልኩ። የጻፍኩትን አጠፋሁ፤ ምን ዋጋ አለው? ሳምንት ሳይሞላ በረኛውን ትሬድ አደረጉት። እኔ ሽጡት ብዬ ስጮህ የኖርኩት ሰው ተሸጠ፣ እኔም ሶፋዬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። በሄደበት ከተማ ጥቂት ተጫውቶ ጨርሶ ተወው። ሰውየው እኔ መኖሬንም አያውቅም። ምን ብዬ፣ በየት በኩል ይቅርታ እንደምጠይቀው እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ዕቃውን ሊሰበስብ የመጣ ዕለት የሆነውን ሳሙኤል ነው የነገረኝ። መልበሻ ክፍሉን ዞሮ ሁሉንም አቀፈ፤ ወለል የሚጠርገውን ሳይቀር ጨበጠ። ሳሙኤል ጋ ሲደርስ ቆመ፣ አየው፣ አለፈው። ሳሙኤል የዘረጋውን እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፋበት። አለቆቹም እዚያ ክፍል አጠገቡ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ያውቃሉና በዚያው ሰሞን አሰናበቱት።

ሳሙኤል የፎጣ ክፍሉን ምስጢር የነገረው ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ለሂሩትና ለእኔ። እኔን አልጠየቀኝም። አንድ ጊዜ እንኳ፣ ጋሼ አንተ ነህ ወይ አላለኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ እናገር ነበር እያልኩ ለብዙ ጊዜ ራሴን ሸንግያለሁ። ውሸት ነው። ቢጠይቀኝም እክድ ነበር። እሱ ግን ሂሩትን ጠረጠረ። ዊተን ሹሩባ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሴቶቹ ራሳቸውን እስኪሠሩ ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ፣ የማይወራ የለም። ማለች፣ አለቀሰች፣ አላመናትም። ልብሱን ይዞ የጓደኛው ምድር ቤት ገባ። ሽማግሌ ይግባ ሲባልም እሱው ራሱ፣ «ጋሼ ይዳኘን» አለ።

እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዳኘሁ።

እኔው ሳሎን ነው የተሰበሰብነው። ነፍስ አባቴ በቀኝ፣ የሂሩት አጎት በግራ፣ እኔ መሀል። ሂሩት በማርያም ብላ ማለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁኛል። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ?» አለችኝ። በስመ አብ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ያኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ነኝ ማለት ብቻ። እኔ ግን አባታዊ ድምፄን አውጥቼ፣ «ልጄ፣ ሰው ሳያስበው ያመልጠዋል። ምናልባት ሳታውቂው ለአንዷ ተናግረሽ ይሆናል። ይቅርታ ብትጠይቂው ቤትሽ ይተርፋል» አልኳት። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔን አምነው ነው። አጎቷም እሺ በይ አላት፤ እሱም እኔን አምኖ ነው።

 ከዚያ ተነስታ ተንበረከከች፣ የሳሙኤልን ጉልበት ሳመች። «ሳላውቅ ተናግሬ ከሆነ ይቅር በለኝ» አለች። በረኛውን ያሸጥኩት እኔ፣ ሳሙኤልን ከሥራ ያስወጣሁት እኔ፣ በእናቴ ምዬ የከዳሁት እኔ ቁጭ ብዬ እሷ ተንበረከከች። ከዚያ መረቅናቸው። እኔም መረቅኩ። ሚስቴ ምግብ አቀረበች፣ ሁላችንም በላን።

ቤታቸው አልተረፈም። ሳሙኤል ይቅር አልኩ ይበል እንጂ ከዚያ በኋላ ምንም አይነግራትም ነበር፤ የት ዋልክ ብትለው ውጭ፣ ምን ሆንክ ብትለው ምንም። ዓመት ያህል ታገሰችና ወጥታ ሎረል ከተማ ገባች። ፍቺውን ፈረሙ። እኔም በየሰርጉና በየለቅሶው ሳገኛት፣ አይዞሽ ልጄ እላት ነበር።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሳሙኤል ፊቱ በርቶ ቤቴ መጣ። ሌላ ሴት ሊያገባ ነው። «ጋሼ፣ አንተ ካልሄድክልኝ ማን ይሄድልኛል? ያለ አንተ ዘመድ የለኝም» አለኝ። እሺ አልኩት። ደስ ብሎት ሳመኝና ሄደ። እሱ ከወጣ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ሽማግሌ ሆኜ የሴቲቱ ቤተሰቦች ፊት ስቀመጥ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ምንድን ነው? የፊተኛዋን ለምን ፈታ፣ ነው። ሽማግሌ ሆኖ የተላከ ለልጁ ባሕርይ ይመሰክራል እንጂ ዝም አይልም። ምን ልላቸው ነው? ወሬኛ ነበረች ልል? ያን ቃል ከአፌ አውጥቼ፣ በሂሩት ላይ ሁለተኛ ልመስክር? እኔ ራሴን ፈራሁት፤ ምክንያቱም የምለው መሆኔን አወቅኩ። በለመደ አፌ፣ ሳላፍር እለው ነበር።

ቅዳሜ ሎረል ሄድኩ።

ሂሩት በሩን ከፍታ ስታየኝ ደስ አላት። ጉንጬን ሳመችኝ፣ አረፍ ይበሉ አለችኝ፣ ውኃ አመጣች። ሳልጠጣው ነገርኳት። ሁሉንም፤ ምሳ ሰዓቱን፣ ፈረንጁ የሳቀብኝን፣ ሳሎኔን። ስድብ ጠበቅኩ። ውጣልኝ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ፊቷ ነጣ፤ «እርስዎ ነዎት?» አለች፣ ደጋግማ፣ ጆሮዋን ማመን አቅቷት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ለማን እንደነገርኩ ሳስብ ነው ሰባት ዓመት የኖርኩት» አለችኝ።

እኔ አለማጥፋቷን እያወቀች ለቤቷ ብላ የተንበረከከች ነበር የሚመስለኝ። እሷ ግን በኋላ በኋላ ተናግሬያለሁ ብላ አምናለች። ሽማግሌ፣ ቄስ፣ የገዛ አጎቷ ሳታውቂው ይሆናል ሲሏት እንዴት አታምን? ሹሩባ የሠራቻቸውን ሴቶች አንድ በአንድ ታስባቸው ነበር። የልብ ጓደኛዋን፣ ለእሷ ነው ያመለጠኝ ብላ ተጣልታታለች። አሁን ሥራ ላይ አታወራም፤ ደንበኞቿ ኩሩ ናት እያሉ ያሟታል። እኔ የቀማኋት ባሏን ብቻ መስሎኝ ነበር። ሴትዮዋ ራሷን ማመን ትታለች!  ይቅር በይኝ ልል አፌን ስከፍት እጇን አንስታ ከለከለችኝ።

«ሰው ፊት ነው ጉልበት ያሳማችሁኝ» አለች። «እነዚያው ሰዎች ባሉበት ይንገሩልኝ። ከእርስዎ ሌላ ምንም አልፈልግም።» ከዚያ በሩን ከፈተችልኝ።

ነገ እሁድ እነዚያው ሰዎች ቤቴ ይመጣሉ። ለነፍስ አባቴ ደውያለሁ፣ ለአጎቷም ደውያለሁ። ሚስቴም ከእነሱ ጋር ነው የምትሰማው። እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ተናድጄ ነበር፣ ስቀውብኝ ነበር፣ ፈርቼ ነበር ብዬም አልከራከርም። ፈርቼስ ቢሆን፣ ስለ እኔ ፍርሃት እሷ መንበርከክ ነበረባት?

ሳሙኤል የሚመጣው ስለ ሽምግልናው የምንማከር መስሎት ነው። ትናንት ደወለልኝ፤ ድምፁ ይስቃል። «ጋሼ፣ እጮኛዬንም ይዣት ልምጣ እንዴ? ትተዋወቃላችሁ» አለኝ።

ብቻህን ና አልኩት።