የዙሌይዴ ስም የጸዳበት ሐሙስ

ራፖዛ በምትባለው የዓሣ አጥማጆች ከተማ ውስጥ ከዙሌይዴ ዓሣ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ዓሣ አይበላም፣ ወይ ከእሷ ጋር ተጣልቷል። ከልጅነቷ ጀምሮ በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ሳንቃዋን ዘርግታ ትሸጣለች። ምላስም አላት፣ ሚዛኗም አይሰርቅም። ችግሩ ፀሐዩ ነው። ረፋዱ ላይ በረዶው ይቀልጣል፣ ቀትር ላይ የዓሣው ዓይን ይደፈርሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ገዢ አፍንጫውን ይዞ የውርደት ዋጋ ይጠራል። የስንቱን ቀን ትርፏን ፀሐይ እንደበላባት ፈጣሪ ይወቀው።

ስለዚህ የሽማግሌው ኦታሲሊዮ ሱቅ ተለቀቀ ሲባል ልቧ ተሰቀለ። ጣራ ያለው፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጥግ ላይ ትልቅ ማቀዝቀዣ የተቀመጠበት ሱቅ ነው። የመጀመሪያውን ወር ኪራይ በመሐረብ ቋጥራ ከተፍ አለች። ኦታሲሊዮ ግን ብሩን አልተቀበላትም።

«ዙሌይዴ፣ አንቺን አምንሻለሁ፤ ግን አስጠይቄ ነበር፣ ስምሽ ቆሽሿል» አላት።

«ስሜ? እኔ እኮ በቀን ሁለቴ ነው የምታጠበው!»

«ቀልዱን ተይው። የባንክ ዕዳ ላለበት ሰው ቤቴን አላከራይም፤ ባለፈው አከራይቼ የሆንኩትን አይተሻል። እስከ ዓርብ እጠብቅሻለሁ። ካልሆነ ዳቦ ጋጋሪው ይረከበዋል።»

ዙሌይዴ ኪራዩን መልሳ ቋጥራ ወጣች። ቆሽቷ አረረ። ደግሞ የሚያናድደው ዕዳው የእሷ አይደለም። በሕይወቷ የሰው አምስት ሳንቲም በልታ አታውቅም። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይሄ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር በአንድ ሰፈር ስሙ የጸዳና ክሬዲት ካርድ ያለው ሰው ከተገኘ ካርዱ የእሱ ብቻ አይደለም። የጎረቤት ምድጃ፣ የአማች አልጋ፣ የምራት ስልክ፣ ሁሉም በዚያ ካርድ ይገዛል፤ ገዢው ወር በወር ብሩን እያመጣ ለባለ ካርዱ ይሰጣል። እምቢ ማለት ነውር ነው። ለአበልጅ እምቢ ማለት ደግሞ በጥፊ ከመምታት ይብሳል። ቤርናርዲኖ የዙሌይዴ አበልጅ ነው፤ ልጇን ጃሲያራን ክርስትና ያነሳት እሱ ነው። መቅዘፍ ወገቤን ቆረጠኝ፣ የጀልባ ሞተር ልግዛ ሲላት ዓይኗን ሳታሽ ካርዷን ሰጠችው።

ጥቂት ወራት በደንብ ከፈለ። ከዚያ ሞተሩን ሌባ ከነቁልፉ ፈትቶ ወሰደው። ቤርናርዲኖ አንድ ወር ሳይመጣ ቀረ፣ ሁለተኛውንም ቀረ፤ በሦስተኛው እሷን ሲያይ መንገድ ይቀይር ጀመር። ዙሌይዴ ትንሽ ከኪሷ ልትከፍል ሞክራ አቃታት። ወለዱ ወለድ እየወለደ ከሞተሩ ዋጋ ሳይከፈል የቀረው ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሬያል አሥራ አራት ሺህ ገባ። ሁለቱ አበልጆች ሆድና ጀርባ ሆኑ። እሷ ገበያ ስትወጣ እሱ በረግረጉ ዞሮ ያልፋል፣ ዓሣውንም ለሌላ ነጋዴ ይሸጣል። በአንድ ቀበሌ ሦስት ዓመት እንዲህ መኖር፣ ወይ ጉድ!

ከዕዳ አስከፋዩ ድርጅት ሲደወል ዙሌይዴ ድምፅዋን አቅጥና «እኅቷ ነኝ፤ ዙሌይዴ ቤሌም ከተማ ሄዳለች» ትል ነበር። አንዴማ ሞታለች ልትል ሟርቱን ፈርታ ከአፏ መልሳዋለች። አሁን ግን ሱቁ ሊያመልጣት ነው። ረቡዕ ጠዋት ጃሲያራን አጠገቧ አስቀምጣ ራሷ ደወለች። ታሊታ የምትባል ልጅ አነሳችው፤ ሁልጊዜ የምትደውለዋ እሷ ነበረች።

«ዶና ዙሌይዴ? ቤሌም አልነበሩም እንዴ?»

«መጣሁ።»

«እኅትዎስ ደህና ናቸው?»

«እሷ በተራዋ ሄደች።»

ልጅቷን ሳቅ አመለጣት። ጉሮሮዋን ጠራርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «ያለብዎት አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሬያል ነው።»

«እሱን ለጠላቴ ንገሪው። ቅናሹን ነው የደወልኩት።»

«ሰባት ሺህ ላድርግልዎ፤ በሃያ አራት ወር የሚከፈል።»

ጃሲያራ የእናቷን ክንድ ነካ አድርጋ «እማ፣ የመጀመሪያውን ስትከፍዪ እኮ ስምሽ ይጸዳል» አለቻት በሹክሹክታ።

«የዝናቡ ወር ሲገባ ዓሣ ከየት ይመጣል? አንዱን ወር ካጎደልኩ ያ ሁሉ ተመልሶ ይከመርብኛል። ወር በወር የሚሉትን አንዴ ገብቼበት አይቻለሁ፤ ይብቃኝ» አለችና ወደ ስልኩ ተመለሰች። «የኔ ልጅ፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አለኝ። አሁኑኑ ልላክና እንገላገል።»

«ሲስተሙ አይቀበለኝም፣ ዶና ዙሌይዴ።»

«ሲስተሙ ዓሣ ሸጦ ያውቃል? ይሄ ዕዳ ሦስት ዓመት ፀሐይ ላይ የዋለ ዓሣ ነው። እኔ ካልገዛሁሽ ማን ይገዛሻል?»

«ሦስት ሺህ ተኩል።»

«እንግዲያው ደህና ዋይ፤ እኅቴን ልጠይቅ ቤሌም መሄዴ ነው።»

«ኧረ አይዝጉት!» አለች ታሊታ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነገ የወሩ መጨረሻ ነው፤ እኔም የሚጠበቅብኝ አለ። አለቃዬን ልጠይቅ፣ ይጠብቁኝ።»

ሙዚቃ ተለቀቀ። ጃሲያራ ጥፍሯን ትበላለች። ዙሌይዴ ዝም ብላ ጠበቀች፤ ዝም ማለት ሲያስፈልግ ዝም ማለት የገበያ ሴት ታውቅበታለች።

«ሁለት ሺህ አንድ መቶ፣ ባንድ ጊዜ፣ እስከ ነገ አሥር ሰዓት» አለች ታሊታ ተመልሳ። «ከዚህ በታች ብጠይቅ እኔንም ያባርሩኛል።»

«እንዳያባርሩሽ ልጄ፣ ጎሽ። ይሄን ስከፍል ሌላ ምንም ዕዳ እንደማይኖርብኝ በጽሑፍ ላኪልኝ፤ እሱን ሳላይ ሳንቲም አልልክም።»

ጽሑፉ መጣ። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ጨፈሩ። ጭፈራው ሲበርድ ግን ስሌቱ ከተፍ አለ፦ ስምንት መቶ ይጎድላል። ኪራዩን ብትነካ ሱቁ ቀረ፤ ዕዳውን ባትከፍልም ሱቁ ቀረ። ጃሲያራ የክርስትና አባቷን ስም ስታነሳ ዙሌይዴ ዓይኗ ፈጠጠ። «የማንን ደጅ? ሞቼ እገኛለሁ!»

ሞቼ እገኛለሁ ያለች ሴት በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጫማዋን አጥልቃ በር ላይ ቆማ ልጇን ትጎተጉት ነበር። ኩራቷ እያነቃት ነው የሄደችው፤ ግን ሄደች።

ቤርናርዲኖ ጀልባውን ወደ ዳር እየገፋ ነበር። ሁለቱን ሲያይ መጀመሪያ መረቡ ላይ አጎነበሰ፤ መቅረባቸውን ሲያውቅ ዓሣውን እንኳ ጥሎ እግሬ አውጪኝ ወደ ረግረጉ። ያን ጊዜ ጃሲያራ እናቷ ያላሰበችውን አደረገች። ውሃው ዳር ቆማ ጮኸች።

«ይባርኩኝ፣ አባባ!»

የክርስትና ልጁ ይባርኩኝ ብላው ሳይመልስ የሚሄድ ሰው በዚህ ባሕር ዳር አልተወለደም። ዕዳ ይካዳል፣ መሬት ይካዳል፤ ቡራኬ ግን አይከለከልም። ቤርናርዲኖ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቀጥ አለ።

«እግዜር ይባርክሽ፣ ልጄ» አለና ወደ እነሱ ዞረ።

ዙሌይዴ ይህን ቀን ስታስብ ያጠራቀመችው ስድብ ብዙ ነበር። ፊቱን ስታይ ግን ጠፋባት። አርጅቷል፣ ከስቷል። አንጀቷን በላት።

«ምን ሆነህ ነው እንደ ሌባ የምትሸሸኝ?» አለችው።

«በምን ዓይኔ ልይሽ፣ አበልጄ? አሥራ አራት ሺህ ገባ ሲሉ ሰማሁ። ይቺን ጀልባ ከነመረቧ፣ እኔንም ጨምረሽ ብትሸጪን አሥራ አራት ሺህ አናወጣም።»

«ተደራድሬ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አድርጌዋለሁ።»

«ስንት?»

«የጎደለኝ ስምንት መቶ ነው። እስከ አሥር ሰዓት።»

ቤርናርዲኖ የጀልባው ጠርዝ ላይ ዘጭ አለ። ይሳቅ ያልቅስ አልታወቀም፤ ሁለቱንም አደረገ። «ስምንት መቶ! ይሄን እኮ መክፈል እችላለሁ!» አለ፤ ይህን ቃል ሲናገር የሰውዬው ወገብ ሲቃና በዓይን ይታይ ነበር። ቤቱ ሮጦ አምስት መቶ ሬያል አመጣ፤ ለአዲስ መረብ ያስቀመጣት ናት። ለቀረው የዚያን ጠዋት ዓሣ በሙሉ ከነቅርጫቱ አሸከማቸው።

ያን ቀን ዙሌይዴ የጮኸችውን ጩኸት ራፖዛ እስካሁን ያወራዋል። ፀሐይዋን ቀድማ፣ በረዶው ሳይቀልጥ ዓሣውን ጨረሰች። ስምንት ሰዓት ላይ ጃሲያራ ብሩን በስልክ ላከችው፤ ትንሽ ቆይቶ «ምንም ዕዳ የለብዎትም» የሚለው መልእክት መጣ። ኦታሲሊዮ ስልኩን ከዓይኑ አስጠግቶ ሁለቴ አነበበና ቁልፉን እጇ ላይ አስቀመጠላት።

ዓርብ ጠዋት ሱቁ ተከፈተ። ቤርናርዲኖ ዓሣ ይዞ መጣ፤ ግን ደፉ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«አበልጄ፣ አንቺ ከኪስሽ የከፈልሽው አለ። እሱን ቀስ እያልኩ እከፍልሻለሁ።»

«እሱን በዓሣ እንተሳሰባለን፤ ባንኩ ለእኔ የተወልኝን ያህል እኔም እተውልሃለሁ» አለች ዙሌይዴ ቢላዋዋን እየሳለች። «ሌላ ዕዳ ግን አለብህ።»

ሰውዬው ፊቱ ጠቆረ። «ሌላ ምን?»

«ይቺ ልጅ ሦስት ዓመት ያለ ቡራኬ ነው ያደገችው። እሱን በቅናሽ አልጨርስልህም። ሙሉውን ነው የምፈልገው።»

ቤርናርዲኖ ባርኔጣውን አወለቀና ገባ። ጃሲያራ ወለል የምታጥብበትን መጥረጊያ ጥላ ፊቱ ቆመች። እጁን ራሷ ላይ ጫነ።

«እግዜር ይባርክሽ» አለ። «ይሄ የዛሬው ነው። እግዜር ይባርክሽ፤ ይሄ ሞተሩ በተሰረቀ ማግስት የነፈግኩሽ። እግዜር ይባርክሽ፤ ይሄ በልደትሽ ቀን በረግረጉ የዞርኩበት…»

ገዢዎች እየመጡ በሩ ላይ ተሰለፉ። ዙሌይዴ ግን ጀርባዋን ሰጥታቸው ዓይኗን በሽርጧ እየጠረገች ነበር። «ትንሽ ጠብቁ» አለቻቸው፣ «ሰውዬው እየከፈለ ነው።»