ያለ እትዬ ሃያ አራት ኪሎ ሜትር

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ «ዚፕ» ነው የሚላት። የተበላሸ ዚፕ በመቀየር የሚስተካከላት ስለሌለ ነው የሚሉ አሉ፤ አንዴ ዝም ካለች አፏን የሚያስከፍታት ስለሌለ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ታላቅ እህቷ ጨርቅ ትቆርጣለች፣ እሷ ትሰፋለች፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያና አንድ ረጅም መስታወት የያዘች ጠባብ ሱቅ ውስጥ።

በሳምንት ስድስት ቀን ቁጭ ብለው ይውሉና በሰባተኛው ቀን ጠዋት ይሮጣሉ። ይሮጡ ነበር ማለት ይሻላል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እትዬ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። እትዬ ሰፊ ትከሻ አላት፤ ነፋስ ሲመጣ ታናሽየው ጀርባዋ ሥር ትገባና ተረከዟን እያየች ትከተላለች። ባለፈው ወር ግን የእትዬ ጉልበት እምቢ አለ። ሐኪሙም «ሩጫ የሚባል ነገር ይቅርብዎት» አላት።

ከዚያ ወዲህ ዚፕ ሁለት ጊዜ ብቻዋን ወጥታ ሁለቴም ግማሽ መንገድ ላይ አቋርጣ በአውቶቡስ ተመልሳለች። የዓመቱ ውድድር ደግሞ ቀርቧል፤ ምዝገባው ነገ ይዘጋል።

«ዛሬ ሃያ አራቱን ብቻዬን ካልጨረስኩ አልመዘገብም። ጫማዬን እሰቅላለሁ» አለች ማለዳ ጫማዋን እያሰረች።

«በዚህ ነፋስ?» አለች እትዬ።

«በዚህ ነፋስ።»

«እሺ፣ እንግዲያው መጀመሪያ ፊት ለፊት ግቢበት። ስትመለሺ እሱ ራሱ እየገፋ ያመጣሻል።»

ይህን ዚፕ እንደ ስሟ ነው የምታውቀው። ሯጭ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። እና ምን አደረገች? ከበር እንደወጣች ነፋሱ ከኋላዋ መጥቶ ገፋ አደረጋት። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ «አንቺ፣ ዛሬስ ክንፍ አወጣሽ እንዴ!» ብሎ ጮኸ። በቃ፣ አለቀላት! ሙገሳ አትችልም፣ ምን ይደረግ። ነፋሱ ወደሚመጣበት ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው መታጠፏ ቀርቶ ነፋሱን ተከትላ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ፈትለክ አለች።

ስለ መጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትሮች ብትጠይቋት እስከ ዛሬ ፈገግ ትላለች። እግሯ መሬት የነካ አይመስላትም። ገመድ ላይ የተሰጡ አንሶላዎች ይንፈራፈራሉ፣ ባዶ ፌስታል አብሯት ይበራል፤ አንድ ውሻ ሊያባርራት ተነስቶ ተስፋ ቆርጦ ተቀመጠ። «ለካ ብቻዬንም እችላለሁ!» አለች። ከደስታዋ ብዛት እትዬን አንዴም አላሰበቻትም። ጣቢያው ደረሰች፣ የዛገውን በር በእጇ ነካ አደረገችና ዞረች።

ወይ ጉድ! ነፋሱ በጥፊ አላት። አቧራው ዓይኗ ውስጥ፣ አሸዋው ጥርሷ ውስጥ ገባ። እስካሁን ሲሮጥ የነበረው ነፋሱ እንጂ እሷ እንዳልሆነች ያኔ ገባት። «ደደብ!» ብላ በራሷ ላይ ጮኸች። አፏን መክፈቷም ስህተት ነበር፤ ሌላ አሸዋ ገባ።

ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደምንም ተፍጨረጨረች። አውቶቡስ መጣ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት የመለሳት ያው ሹፌር አጠገቧ ደርሶ ዝግ አለና በሩን ከፈተ።

«ደንበኛዬ፣ ዛሬስ አትሳፈሪም?»

እግሯ ወደ በሩ ሊሄድ ምንም አልቀረው። «ሂድልኝ! ሥራህን ሥራ!» አለችው። ሹፌሩ እየሳቀ ሄደ፤ እሷን እንባ እንባ አላት።

ትንሽ እንደሄደች ከፊቷ አንድ ሰው የስፖንጅ ፍራሽ የተቆለለበት ጋሪ ሲጎትት አየች። ሮጣ ከፍራሹ ኋላ ውሽቅ አለች። እፎይ! ግን ጋሪው የሚሄደው በእርምጃ ነው፤ እዚያው ከተሸጎጠች ለእራት ነው የምትደርሰው። ሰውዬው ዞር ብሎ አያት።

«እህቴ፣ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ነፋስ ሸሽቼ ነው» አለች አፍራ።

ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። «ታድለሽ! እኔስ ከማን ኋላ ልደበቅ?»

ዚፕ እትዬን ያሰበቻት ያን ጊዜ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ስትችልላት ኖራለች ማለት ነው። ሰውዬውን አመስግና ከጋሪው ኋላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ምንም ተአምር የለም። አንገቷን ደፋች፣ እርምጃዋን አሳጠረች፣ ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከ ቀጣዩ ብቻ ማሰብ ጀመረች። ስድስት ሲቀራት ነፋሱን መራገም ተወች። ሦስት ሲቀራት መዝፈን አማራት፤ አሸዋውን አስባ ተወችው። ደስ እያላት መሆኑን ስታውቅ ራሷም ገረማት። ፍጥነቷን አታንሱት፣ ኤሊ ትቀድማት ነበር፤ ግን አልቆመችም።

እትዬ ሱቁ በር ላይ እግሯን ዘርግታ የሱሪ ጠርዝ ትተረትራለች።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«በየት በኩል ሄደሽ?»

«በጣቢያው።»

የእትዬ እጅ ቆመ። «ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘሽ ተመለስሽ? ብቻሽን?»

ዚፕ ደፉ ላይ ዘፍ አለችና የዓመት ወሬዋን በአንድ ጊዜ አወረደችው። «እትዬ፣ ይቅር በይኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ነፋሱን ስትከልይልኝ አንድ ቀን እንኳ አመስግኜሽ አላውቅም። እንዲህ ከባድ መሆኑን አላወቅኩማ!» አለችና አለቀሰች።

እትዬ አንገቷን ደፋች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አስለቀስኳት ብላ ዚፕ ደንግጣ ቀና ብትል፣ እትዬ እየሳቀች ነው።

«ምን ከለልኩልሽ፣ አንቺ! እንዳትቀድሚኝ እኮ ነው! ኮቴሽን ከኋላዬ በሰማሁ ቁጥር ነፍሴ እስክትወጣ ነበር የምሮጠው። ጉልበቴን ምን የጨረሰው መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽማ ትቀድሚኝ ነበራ!»

ዚፕ ልትቆጣ አሰበች፤ መቆጣትም ይገባት ነበር። ግን ሳቋ መጣ። በማግስቱ ሱቁ ሳይከፈት ሄዳ ተመዘገበች።