ያን ቀን ለምን እንደረጠብኩ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም፤ የዋሸሁት እሳቸውን ነውና። ለሚስቴ ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምሬላት አቁሜያለሁ። አፍሬ አቁሜ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር! ያቆምኩት ገና ስጀምረው ፊቴ ስለሚፈካ ነው። ኃጢአቱን የሚናዘዝ ሰው ፊቱ ይፈካል እንዴ? የኔ ይፈካል። እንግዲህ ታገሱኝ።

ያኔ ከሮብ ገበያ ብዙም በማይርቅ መንደር ዲያቆን ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ ናት፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ካልተሟሉ ቅዳሴ የለም። ሦስተኛው ዲያቆን እኔ ነበርኩ፤ ተተኪም አልነበረኝም። በዚያ ዓርብ የእትዬ ጥሩዬ ልጅ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ልትነሳ ነው። ከስንት ዓመት ስለት በኋላ የወለዷት አንድ ልጃቸው ናት። ዋዜማውን የንስሐ አባቴ ቄስ ዘለቀ ጠሩኝና፣ "አንተ ከቀረህ ቅዳሴው ታጎለ ማለት ነው፤ ልጅቱም ሳትጠመቅ ተመለሰች ማለት ነው" አሉኝ።

"የትም ብሆን እመጣለሁ አባ" አልኳቸው። ቃል ለመስጠት ችግር አልነበረብኝም።

ዓርብ የጾም ቀን ስለሆነ ቅዳሴው ከሰዓት ነው። ጠዋቱ ባዶ ነበር፤ ባዶ ጠዋት ደግሞ ለኔ ዓይነቱ ሰው ጥሩ አይደለም። ሮብ ገበያ ወርጄ ጎሚስታው ደጃፍ ስደርስ፣ ትከሻቸው ላይ ቤት የሚያህል ሻንጣ ያዘሉ ሁለት ፈረንጆች ቆመዋል፤ ወንዱ ቶማስ፣ ሴቷ ሊና፣ ባልና ሚስት ሊሆኑ የተጫጩ። የጮቄን ተራራ አይተው መውረዳቸው ነው። ጎሚስታው የአይሱዙ ጎማ ውስጡን፣ ከመነዳሪውን፣ ለጥፎ ሲነፋ ሊና አየችና ጮኸች። እኔ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ አስተርጓሚ ሆንኩ። ላኦስ በምትባል አገር ወጣቱ በዚህ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ በወንዝ እየወረደ፣ ዳር ዳሩን እየቆመ ይጨፍራል አሉኝ። እዚህስ ወንዝ አለ ወይ? የጮቄን ልጅ ወንዝ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ!

ሻንጣቸውን ጎሚስታው ጋ ትተን፣ ሦስት ከመነዳሪ አስነፍተን በራሳችን ተሸክመን ወረድን። እኔ ዳር ሆኜ ላሳያቸው ነበር፤ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው። ታዲያ ሦስተኛውን ለማን አስነፋሁት? ይኸው፣ ውሸቱ የተጀመረው እዚያው ጎሚስታው ቤት ነው።

መስቀል ካለፈ ገና ብዙም አልሰነበተም ነበር፤ የወንዙ ሙላት ቢቀንስም ጉልበቱ አልቀነሰም። ከመነዳሪው ላይ ከነልብሴ ተቀመጥኩና ለቀቅኩት። በእመ ብርሃን! ውሃው ከታች አፈፍ አድርጎ ወረወረኝ። ሰማዩ ዞረ፣ ባሕር ዛፉ ዞረ፣ እኔም ዞርኩ። ሊና ከፊቴ ትጮኻለች፣ ቶማስ ከኋላዬ ይጮኻል፤ እኔ መሐል ላይ ምን ብዬ እንደምጮህ ቢጠፋኝ የማውቀውን ዜማ በሙሉ ድምፄ ለቀቅኩት። ዕዝል ይሁን አራራይ እንጃ! ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን ወንዝ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልኩ ተሻግሬዋለሁ። ወንዝ የሚሻገሩት ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። አብረውት እንደሚሄዱ ማን ነግሮኝ?

አንዱ ድንጋይ ላይ ተላትሜ ተገለበጥኩ። ብቅ ስል አፌ ውሃ ሞልቷል። ልተፋው እችል ነበር። ዋጥኩት።

የሚቀድስ ዲያቆን ከማታ ጀምሮ እህልም ውሃም በአፉ አይዞርም፤ አንድ ጉንጭ ውሃ ትበቃለች። ከዚያ ቀን ቅዳሴ ወጣሁ ማለት ነው። ያኔ ምን ተሰማኝ? ደነገጥኩ ብላችሁ ደስታዬ ነበር። ቀለለኝ! በቃ፣ ዛሬ ዲያቆን አይደለሁም አልኩ። ስለ ልጅቱ አላሰብኩም። እዚህ ላይ አስምሩልኝ፤ ስለ ልጅቱ አላሰብኩም።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመኝ። ወንዙ ሰፋ በሚልበት ሜዳ ላይ ከማዶ አጥቢያ የመጡ ሰዎች በደቦ ድንች ይቆፍራሉ። ሦስት ሰው በጎማ ተንሳፍፎ ሲመጣ ሲያዩ ዶማቸውን ጥለው ወንዙ ዳር ተሰለፉ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ሊና አንገቷ ላይ ካንጠለጠለቻት ውሃ የማታስገባ ቦርሳ ትንሽዬ ድምፅ ማጉያ አወጣች፤ ዘፈኑን ግን ማንም አልፈለገውም፤ ቆፋሪዎቹ በጭብጨባቸው ዋጡት። ቶማስ ትከሻውን ሊሰብቅ ሲሞክር ጉልበቱ ይሰበቃል። ሣቅን፣ ዘለልን። ማታ ሊፈስኩበት ያዘጋጁትን ጠላና በፍም የጠበሱትን ድንች ለእንግዶቹ አቀረቡ። እነሱ ራሳቸው አልቀመሱም፤ ዓርብ ነዋ። እኔን የከተማ አስጎብኚ አድርገውኛል፤ ያም ደስ አለኝ። ከፈረንጆቹ ጋር ተቀምጬ በላሁ። ጣቴን እያቃጠለኝ፣ በበርበሬ እያጠቀስኩ በላሁ። ጠላውንም ደገምኩ። ከዚያ ሜዳ ሙሉ ሰው መካከል ጾሙን የፈታው አንድ ክርስቲያን እኔ ነበርኩ፣ ዲያቆኑ።

እንደገና ውሃው ላይ ወጣን። ወንዙ በቤተ ክርስቲያናችን ጉብታ ሥር ነው የሚያልፈው። ይህን ረስቼው ነበር ብል ማን ያምነኛል? ቀና ስል ደጀ ሰላሙ ጋ ነጭ የለበሰ ሰው ቆሟል። ቄስ ዘለቀ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያያሉ። እኔን ነው የሚጠብቁት። ከጎናቸው እትዬ ጥሩዬ ልጃቸውን ታቅፈዋል። ከወለዱ ጀምሮ ያንን ቅጥር ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። ከመነዳሪዬ ላይ ተኛሁና እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ ማዶ አዞርኩ። ውሃው አሳለፈኝ። ካሳለፈኝ በኋላ ነው የዘለልኩት። ምን እንዳዘለለኝ ዛሬም አላውቅም። ሊናና ቶማስ የጨዋታው ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡልኝ። ዳግመኛ አላየኋቸውም።

አቀበቱን በሩጫ ወጣሁት። ልብሴ ከላይ እስከ ታች ይንጠባጠባል። ልናገር ነበር የሮጥኩት? ይመስለኛል። ግን አፌን ሳልከፍት እትዬ ጥሩዬ ጮኹ።

"እዩት! እዩትማ! ለልጄ ብሎ ውሃ ሰንጥቆ መጣ! አንተ ልጅ፣ ውሃ ቢወስድህስ ኖሮ?"

ባላቸው ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝ። አንዷ ሴት አለቀሰች። ቄስ ዘለቀ ፊቴን ትኩር ብለው አዩና፣ "ከእህል ከውሃ ተጠብቀሃል?" አሉኝ። የሁልጊዜ ጥያቄያቸው ነው።

"አዎ አባ።"

ሁለት ቃል ናት። አፌን በጋቢው ሸፍኜ ነው ያልኩት፤ ጠላው እንዳይሸታቸው።

ገብቼ ቀደስኩ። በዚያ ሆዴ ሥጋውን ተቀበልኩ፣ ደሙን ተቀበልኩ። ልጅቱ ተጠመቀች፣ እልል ተባለ። ስንት ዓመት ሙሉ ለራሴ፣ ለልጅቱ ብዬ ነው፣ እናቷ እንዳታፍር ብዬ ነው ስለው ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። አልተጠበቅሁም ብል ቄስ ዘለቀ የት ዋልክ ይሉኛል፤ የት እንደዋልኩ ከታወቀ ያ ሁሉ ደስታዬ ጉድ ተብሎ ሊወራ ነው። ደስታዬን ነው የሸሸግሁት። ልጅቱን መሸፈኛ አደረግኋት።

ድቁናውን ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየሁበትም፤ ሰው ለትምህርት ብሎ ነው ይላል። አሁን የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እትዬ ጥሩዬ ግን አልተዉኝም። በየዓመቱ የልጅቱ ክርስትና ቀን ሲደርስ ድፎ ዳቦ ጋግረው፣ ከሮብ ገበያ መኪና ተሳፍረው ይመጣሉ። ደጃፌ ላይ ቆመው ሳይባርኩኝ አይገቡም። እኔም አሜን እላለሁ።

ዘንድሮ ልጅቱን ይዘዋት መጡ። ስለናት ትባላለች፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። "ለአንቺ ብሎ ወንዝ የገባልሽ እሱ ነው፤ ጉልበቱን ሳሚ" አሏት። ልጅቱ አልሳመችም። ትክ ብላ አየችኝና፣

"ፈርተህ ነበር?" አለችኝ።

"አልፈራሁም" አልኳት። "ደስ ብሎኝ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።"

ስለዚያ ቀን የተናገርኩት እውነት ይህ ብቻ ነው። እናቷ ሰሙት። ለልጃቸው ደስ ያለኝ መስሏቸው እንባቸው መጣ፤ ትከሻዬን ስመው ዳቦውን በእጄ አስያዙኝ። ያዝኩት። ቆርሼም በላሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ቄስ ዘለቀ አርጅተዋል፣ ግን አሉ። እሑድ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ለእሳቸው፣ ቀጥሎ ለእትዬ ጥሩዬ፣ ልጅቱ ባለችበት እናገራለሁ። "አዎ አባ" ላልኩት ቅጣቱን እቀበላለሁ፤ በዚያ ሆዴ ለቀረብኩት ቁርባን እሰግዳለሁ። ስለ ወንዙ ተጸጽተሃል ወይ ካሉኝ ግን ምን እላቸዋለሁ? አንዴ ዋሽቻቸዋለሁ፤ ሁለተኛ አልዋሻቸውም።