ሦስት ሳምቡሳ ለእትዬ አስካለ

ልጅ ሳለሁ ረመዳን የሚታወቀኝ በጆሮዬ ነበር። ምን አለሽ ተራ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ሲደበድብ የሚውለው መዶሻ ሁሉ፣ የማፍጠሪያው የመግሪብ ሶላት ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ባንዴ ዝም ይላል። ያኔ አያቴ አባ ነስሩ ከዘይት በርሜል የከሰል ምድጃ ሲሠሩ ውለው፣ ጥላሸት የጠገበ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ግቢ ይገባሉ። ገበያ የናቀው ጠማማ ምድጃ ሁሉ መጨረሻው እኛ ቤት ስለነበር ሾርባችን ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሎ ነበር የሚፈላው። እሳቸው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ፍሙን በሽቦ እየጫሩ፣ አዛን እስኪል ድረስ ተረት ይነግሩናል። የጠገበ ልጅ ተረት አይገባውም ይሉ ነበር። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ጾሜን በምሳ ሰዓት የማፈጥር ጾመኛ ስለነበርኩ፣ ይህን አባባል እንዳልሰማሁ ሆኜ ወደ ፍሙ እጠጋለሁ።

አንድ ቀን የነገሩን ተረት ምጽዋት በሰጠ ቁጥር መለከት ስለሚያስነፋ ባለጸጋ ነበር። ድሆቹ መለከቱን ሲሰሙ፣ ጎረቤት ሳያየን ብለው በየጓሮው ይሸሻሉ። ዳቦው ይተርፋል፤ የተረፈውን መለከት ነፊው ይበላዋል። በመጨረሻ በዚያ አገር የወፈረ ሰው እሱ ብቻ ሆነ።

«እናላችሁ» አሉ አያቴ፣ «ቀኝ እጃችሁ የሰጠውን ግራ እጃችሁ አይወቅ። ደግሞ ጾመኛን ያስፈጠረ ሰው፣ የጾመኛውን ያህል ምንዳ ያገኛል።»

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ልቤን ነካችው። የሰው ጾም መካፈል ከተቻለ፣ የኔ ምሳ እንደተፈራው ከባድ ጉዳይ አልነበረም ማለት ነው።

የሚያስፈልጉኝ ጾመኛ ከጎናችን ነበሩ። እትዬ አስካለ ባላቸው የሞተባቸው የጎጃም ሴት ናቸው፤ እህል በረንዳ የተቀደደ ጆንያ እየሰፉ ነበር የሚኖሩት። ያን ሰሞን እግራቸው አብጦ ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጡም፤ ጆንያ ካልተሰፋ ደግሞ ድስት አይጣድም። ከበራቸው ጭስ ከጠፋ መሰንበቱን ግቢው ሁሉ ያያል። እናቴ ምስር ወጥ ብትልክላቸው «እጄ እንደሁ አልታመመ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ሳህኑን እንደሞላ መለሱት። ለእሳቸው ከረሃቡ ይልቅ የሰው ሳህን ይከብዳቸው ነበር።

ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመዋል። የግቢው ግማሽ ሥጋን እስኪመሽ ይጠብቃል፤ ግማሹ እስከ ፋሲካ። እኔ ይህን ልዩነት እንደ ዝርዝር ጉዳይ ነበር የማየው። በማግስቱ አመሻሽ ላይ እናቴ ከጠበሰችው ሦስት የሥጋ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልዬ በቀኝ እጄ ያዝኩ፤ ግራ እጄን እንዳታይ የሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። ከእትዬ አስካለ ደጃፍ አስቀምጬ፣ በሩን አንኳኩቼ ሮጥኩ። ምጽዋት ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ሰው ለምን እንደሚሰስት አልገባኝም።

አዛን ሊል ትንሽ ሲቀረው እትዬ አስካለ በግድግዳው ተደግፈው እያነከሱ ወጡ። ወረቀቱን ፈተው ለግቢው ሁሉ አሳዩ።

«ይሄን ማነው ከደጄ ያስቀመጠው? በሁዳዴ ሥጋ! ያውም የእስላም እርድ! ባጣ፣ ብቸግር፣ ሃይማኖቴንም የበላሁ መሰላችሁ?»

በአንድ ሳምቡሳ ሁለት ሕግ ላስጥስ ኖሯል። ዓይን ሁሉ በግቢው ወደታወቀው ቀልደኛ፣ ወደ አጎቴ ከማል ዞረ።

«ወላሂ እኔ አይደለሁም!» አለ ከማል። «እኔ በረመዳን ለሰው ሳምቡሳ ስሰጥ ታይቼ አውቃለሁ?»

ይህ እውነት ስለነበር ሁሉም አመነው። እኔም ዝም አልኩ። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ ብናገር ምንዳው ይበላሻል ብዬ በሃይማኖት ምክንያት ነው ዝም ያልኩት። እትዬ አስካለ ጥቅሉን እናቴ እግር ሥር አስቀምጠው ተመለሱ፤ በሩ ከውስጥ ሲቀረቀር ሰማን። ከእንግዲህ ለማን እንደሚከፈት እንጃ።

አዛኑ አለ። ግራዬን ከኪሴ ሳላወጣ ተምር ላነሳ ቀኝ እጄን ስዘረጋ አያቴ ትክ ብለው አዩኝ።

«ግራ እጅሽ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች አባባ። እንዳታውቅ ነው።»

ከማልን ተምሩ ትን አለው። እናቴ ፊቷን ሸፈነች። አያቴ ግን አልሳቁም፤ ውሃ ብቻ ተጎንጭተው ሾርባውን እንደቀረበ ትተው ተነሡ፣ በዚያችው በግራ እጄ ይዘው ወሰዱኝ፣ እትዬ አስካለ ደጃፍ ላይ መሬቱ ላይ ተቀመጡ።

«አስካለ፣ እኔ ነኝ። የሠራችው የልጅ ልጄ ናት፤ ጥፋቱ ግን የኔ ነው። መደበቅን አስተማርኳት፣ መጠየቅን ሳላስተምራት።»

በሩ አልተከፈተም። «እርስዎን አልቀየምም፣ አባ ነስሩ» አሉ ከውስጥ። «ግን ይቺ ልጅ ለማኝ መሰልኳት?»

አያቴ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ኧረ አይደለም እትዬ። ጾመኛ ስለሆኑ ነው። እኔ እኮ በምሳ ሰዓት እበላለሁ፤ ጾምዎን ልካፈል ብዬ ነው።»

ከውስጥ ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየሁት ድምፅ መጣ። መቀርቀሪያው ተንቀሳቀሰ፤ በሩ በስንዝር ተከፈተ።

«አንቺ ቀጣፊ! የምትሰርቂው ጠፍቶ ጾሜን?»

አያቴ ቀጠሉ። «እኔ ደግሞ ልለምንሽ ነው የመጣሁት። ቤቴ በየቀኑ ሥጋ ነው፤ የሽማግሌ ሆድ አልቻለውም። ምስሩንም ዱቄቱንም ዘይቱንም ላምጣልሽ፣ የምስር ሳምቡሳ ሥሪልኝ። አንቺም ከዚያው ትቀምሻለሽ።»

እትዬ አስካለ ሞኝ አልነበሩም። ቆም ብለው አዩዋቸው። «አባ ነስሩ፣ ይሄ እኮ ምጽዋት ነው።»

«ይሁና» አሉ አያቴ፣ «ለኔ ስጪኝ።»

በማግስቱ እትዬ አስካለ ያበጠ እግራቸውን የጆንያ ክምር ላይ ሰቅለው ከጠማማው ምድጃችን ፊት ተቀመጡ። ዘይቱ ወደ አንድ ወገን እየፈሰሰ ሲያስቸግራቸው «ይሄን ምድጃ የሠራው ማነው፣ ሰክሮ ነው?» እያሉ አያቴን በፊታቸው ያማሉ። ጾማቸው ከእኛ ቀድሞ ቢፈታም አዛን እስኪል አብረውን ጠበቁ። ከማል ሰባት በልቶ «እትዬ፣ ትንሽ ሥጋ ቢገባበት እኮ» ሲል፣ «ዝም በል፣ አንተኑ እንዳልከትበት!» አሉት። እስከ ኢድ እንዲሁ ሆነ፤ እግራቸውም ዳነ።

በዚያ ወር ሰጪው ማን፣ ተቀባዩ ማን እንደነበር እስካሁን አልለየሁም። አያቴ ካለፉ ቆይተዋል፤ የተረቶቻቸውን ግማሽ ረስቻለሁ። ረመዳን ሲመጣ ግን ምንም ነገር ከመያዜ በፊት ባዶ እጄን ሄጄ የሰው በር አንኳኳለሁ፤ «ምን ትወዳላችሁ? ምንስ አትበሉም?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ጤንነቴን ተጠራጥሮ በሩን ይዘጋል። አብዛኛው ግን ግቢ ይለኛል፣ በርጩማ ይስብልኛል፣ ከቤቱ ያለውን ያቀርብልኛል፤ እኔም ልሰጥ ሄጄ በልቼ እመለሳለሁ።