የድንኳኑ ሜዳ

በእስራኤል፣ በናታንያ ከተማ፣ ሺኩን ቫቲኪም በሚባል ሰፈር፣ የባሕር ንፋስ ቀለማቸውን በላጣቸው ሦስት አሮጌ ሕንፃዎች መካከል ባለቤት ያጣ ሜዳ ነበረ። እሾህ ይበቅልበታል፤ የተሰበረ ሶፋና የዛገ ብስክሌት ይጣልበታል፤ ዝናብ በጣለ ጊዜ ውኃ ይተኛበታል። መንገደኛ አፍንጫውን ይዞ ያልፈዋል። ለአቶ ማንያዘዋል ግን ያ ሜዳ ከገዛ ሳሎናቸው የከበረ ነበር፤ በሰፈሩ ሰው ሲሞት የለቅሶው ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነውና።

ማንያዘዋል ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ በዚያ የጭንቅ ግንቦት፣ ከቤተ እስራኤል ወገኖቻቸው ጋር ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲመጡ ጠጉራቸው ያልሸበተ ጎልማሳ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በፕላስቲክ ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። የድንኳኑ ጠባቂ የሆኑት ግን ማንም ሳይሾማቸው ነው። ሸራውንና ብረቱን በሕንፃው ሚክላት፣ ለጦርነት ጊዜ መጠለያ በተሠራው ምድር ቤት፣ ያኖራሉ። መርዶ በተሰማ ቁጥር ሬሳው ሳይቀበር ድንኳኑ ቆሞ ይገኛል፤ ዘመድ ከየከተማው በአውቶቡስ ሲጎርፍ መቀመጫ አያጣም። «እንባም ስፍራ ይሻል» ይሉ ነበር።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሚኖሩት አዛውንቱ ሽሙኤል፣ ወላጆቻቸው ከሞሮኮ የመጡ፣ ዋይታው ዕረፍት ይነሳቸው ነበርና በየለቅሶው በረንዳ ወጥተው ይጮኻሉ፦

«ማንያዘዋል! የእናንተ ሰው ሞቶ አያልቅም እንዴ?»

«አንተ እስክትወርድ ነው የምንጠብቀው!» ብለው ማንያዘዋል ይመልሳሉ።

ቀልዱን ሁለቱም ለምደውታል። ከቀልዱ አልፎ ግን አንዱ የሌላውን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

እንዲህ ሳለ ማዘጋጃ ቤቱ ሰፈሩን ሊያድስ ተነሣ፤ ነዋሪው ሁሉ ወደ ማትናሱ፣ ወደ ሰፈሩ የሕዝብ አዳራሽ፣ ተጠራ። ዕቅዱን የምታስረዳው አዲ የምትባል ወጣት ነበረች። እዚያው ናታንያ፣ ራማት የዲዲም ሰፈር ተወልዳ ያደገች የእነርሱው የቤተ እስራኤል ልጅ ናት። ሹማምንቱ በፊት ወንበር ተቀምጠው ሲያዳምጧት፣ ብርሃን በግድግዳው ላይ አዲሱን ሰፈር ዘረጋው፦ ከየሕንፃው ጎን የተለጠፈ አሳንሰር፣ ጥላ ያለው መንገድ፣ መብራት፣ ዛፍ። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ከተማን ያህል ነገር በእጇ የምትስል ልጅ ከመካከላቸው ትወጣለች ብሎ ማን ገምቶ ነበር!

ሜዳው ላይ ስትደርስ ግን የማንያዘዋል ልብ ወደቀ። በድንኳኑ ስፍራ የውኃ ፏፏቴ ተስሏል፤ ዙሪያው በአጥር ተከቧል።

«ተቃውሞ ያለው አለ?» አለች አዲ።

አንድ ሰው አልተነፈሰም። ልጃቸውን በአለቆቿ ፊት ማን ያሳፍራት? ይልቁንም የሁሉ ታላቅ የሆኑት አባ ዳዊት ተነሥተው መረቋት። ሕዝቡም «አሜን!» አለ፤ ማንያዘዋልም አብረው «አሜን!» አሉ።

እቤት ሲገቡ ሚስታቸው ባንች ጠበቀቻቸው።

«ምነው አንቱ፣ ምላስዎን ጅብ በላው?»

«ዝም አይነቅዝም፣ ባንች።»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል! እንግዲህ ሰው ሲሞት ፏፏቴው ውስጥ ገብተን እንዋኝ?»

ማንያዘዋል ጫማቸውን አውልቀው ወደ መኝታቸው ገቡ።

ቀያሾች መጥተው ሜዳው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ካስማ ተከሉ። መቆፈሪያው መኪና ሊገባ ጥቂት ሲቀረው አባ ዳዊት፣ ያው የመረቁት፣ አረፉ። ማንያዘዋል ሌላ ቦታ አልነበራቸውምና ከካስማዎቹ መካከል ድንኳኑን አቆሙ። እጃቸው ብረቱን ሲያጠብቅ «ይህ የመጨረሻው ነው» ይላቸው ነበር ልባቸው።

ለቀስተኛው ሜዳውን ሞላው። ከለቀስተኞቹ መካከል ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰች አንዲት ወጣት ገባች፤ አዲ ናት። ሴቶቹ ቆመው ደረታቸውን ከሚደቁበት ስፍራ ላይ የራሷን ካስማ አየች፤ ፏፏቴው የሚቆምበት ምልክት ነበር። ከዚያ ማንያዘዋልን ፈልጋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባ፣ ሁልጊዜ እዚህ ነው የምታለቅሱት?»

«ከመጣን ጀምሮ።»

«ላማ» አለች በዕብራይስጥ፣ «ለምን አልነገራችሁኝም? እሺ ስላላችሁኝ እኮ ነው ካስማው የተተከለው!»

«ልጄ፣ አንቺ በነዚያ ሹሞች ፊት ቆመሽ ስትናገሪ እኛ ሥዕሉን የት አየነው? አንቺን ነበር የምናየው።»

አዲ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ያለቀሰችው ለአባ ዳዊት ይሁን ለሌላ፣ ማንያዘዋል አልጠየቋትም። የለቅሶው ሰባት ቀን ሳያልቅ ተመልሳ መጣች፤ ካስማዎቹንም በገዛ እጇ ነቀለች። ከአለቆቿ ጋር ምን ያህል እንደተሟገተች አልተናገረችም።

ሥራው ክረምትና በጋ ፈጀ። የግንባታው አጥር በተነሣ ዕለት ማንያዘዋል ወርደው ወደ ሜዳው ገቡ። እሾሁ በነበረበት ስፍራ እንደ ንስር ክንፍ የተዘረጋ ሰፊ ጣራ ቆሟል፤ ግድግዳ የለውም፤ ከየአቅጣጫው ይገባበታል። እጅ መታጠቢያ ቧንቧ አለ፤ ዙሪያውን መደብ ተሠርቶለታል፤ የልጆች ዥዋዥዌም ከዛፎቹ ሥር ራቅ ብሎ ተቀምጧል። አንዱን ምሰሶ በመዳፋቸው ነኩት። ቤተ መንግሥት የሠራ መንግሥት ሰምተዋል፤ ግንብና ድልድይ የሠራም ሰምተዋል። ለድሃ እንባ ጣራ የሠራ ግን ሰምተው አያውቁም። ባርኔጣቸውን ሊያወልቁ ቃጣቸውና፣ በራቁት ራስ አምላክን ማመስገን ነውር መሆኑ ትዝ ብሏቸው መልሰው ደፉት።

ብዙም ሳይቆይ በራቸው ተንኳኳ። ሽሙኤል ናቸው፤ እንደ ሐዘን ወጉ የሸሚዛቸው አንገትጌ ተቀዷል።

«ሱሊካ ሞተችብኝ» አሉ ስለ ሚስታቸው። «ሳሎኔ ጠባብ ነው። ያ ጣራ የእናንተ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን…»

«የማን ነው ያልከው?» አሉ ማንያዘዋል፣ ክንዳቸውን ይዘው እያስገቧቸው። «ና፣ ግባ።»

ባንች አጠገባቸው ተቀመጠች። «ሙያዋን ንገረኝ። ምኗን ጠርቼ ነው የማለቅሳት?»

ሽሙኤል ግራ ተጋቡ። «ምን አላት… ጠዋት ጠዋት በመስኮት ለወፎች ፍርፋሪ ትበትን ነበር።»

በማግስቱ ሽሙኤል ከመቃብር ሲመለሱ አምስት ስድስት ሰው ብቻ አገኛለሁ ብለው ነበር። ጣራው ሥር ግን ነጠላ የለበሰ ሕዝብ መደቡን ሞልቶ፣ የቀረውም ቆሞ አገኙት። ባንች ከመካከል ወጥታ ድምፅዋን አነሣች፦

«ሱሊካ ተኝታ መስኮቷ ተዘጋ፣
ወፉ የማን ደጃፍ ይውረድ ሌት ሲነጋ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት፤ ዋይታው ከጣራው ሥር ወጥቶ በሕንፃዎቹ መካከል ተመመ። ሽሙኤል የአማርኛውን ቃል አላወቁትም፤ የሚስታቸውን ስም ግን ሰሙ፤ ማንያዘዋልም ይዘው መደቡ ላይ አስቀመጧቸው።

«እነዚህ ሁሉ» አሉ ሽሙኤል በሹክሹክታ፣ «እሷን ያውቋታል?»

«አሁን አወቋት።»

ሽሙኤል ቀና ብለው ባዶውን በረንዳቸውን፣ ከዚያም ሰፊውን ጣራ፣ ከዚያም ሕዝቡን ተመለከቱ።

«ለካ የእውነትህን ነበር» አሉ። «እስክወርድ ስትጠብቁኝ ኖራችኋል።»